ከትራስ ላይ ሲታይ፦ ለሕሙማን ክፍል መስኮት፣ ሥዕል፣ ተክል ወይስ ስክሪን?

የሆስፒታል ክፍል እንድነድፍ ስጠራ የመጀመሪያውን ቀን ያለ ሜትርና ያለ እርሳስ ነው የማሳልፈው። ጫማዬን አውልቄ ባዶ አልጋ ላይ እጋደማለሁ። ነርሶቹ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ኋላ ግን ራሳቸው "እስቲ በዚያኛውም ላይ ይተኙበት" ይሉኛል። ከተጋደምኩበት ሆኜ ዓይኔ ያረፈባቸውን ነገሮች በተራ እመዘግባለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ የጻፍኩት ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ካርታ የመሰለ የውሃ ጠባሳ፤ ዓይን ላይ የተደቀነ ነጭ አምፖል፤ የግሉኮስ መስቀያ፤ ከእግርጌ በኩል እየተከፈተ የሚዘጋ በር። ክፍሉ መስኮት ነበረው፤ ሰፊና የሚያምር መስኮት። ግን ከራስጌ በስተኋላ ነው። ከመስኮቱ ውጭ የቆመውን ትልቅ ዛፍ ያየሁት ተነሥቼ ጫማዬን ሳደርግ ነው።

በዚያው ሕንፃ የእንግዳ መቀበያ አዳራሹ ግን በእብነ በረድ ላይ ውሃ የሚንሸራተትበት ግድግዳ፣ ከላይ የሚንዠረገግ አረንጓዴ ሐረግና ከወፍራም ግንድ የተጠረበ ባንኮኒ ነበረው። ጎብኚ እዚያ የሚቆየው ስሙን እስኪያስመዘግብ ነው። ታካሚው ሳምንቱን የሚገፋው ከጠባሳው ሥር ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድራቸው በዋናነት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቀና ማለት ያቃተው ሰው ከትራሱ ሳይነሣ ከዚህ ምን ይደርሰዋል? ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ፤ ይህኛው የጽዳት ሠራተኛዋ ጥያቄ ነው፦ በበረኪና ይታጠባል ወይ? ካታሎግ ላይ ልብ የሚሰርቁ ብዙ ነገሮች ከሁለቱ በአንዱ ይወድቃሉ።

መስኮት፦ የሚወዳደረው የለም፣ ከታየ

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፍ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣ አንድ አጭር ጥናት ይነሣል፤ እኔም አልቀርም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 ድረስ የሐሞት ከረጢታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሰዎችን መዝገብ አገላበጠ። ክፍሎቹ ከመስኮታቸው በቀር ተመሳሳይ ነበሩ። የአንዱ መስኮት ወደ ዛፎች ያሳያል፤ የሌላው ከቡናማ የጡብ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። በዕድሜ፣ በፆታና በመሳሰለው ሁኔታ አቻ ለአቻ የተጣመሩ 46 ሰዎች፣ ማለትም 23 ጥንዶች፣ ተመረጡ። ዛፍ ያዩት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአማካይ 7.96 ቀን ሲተኙ ግድግዳ ያዩት 8.70 ቀን ተኝተዋል። ዛፍ ያዩት ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት በጥቂቱ ነው። እኔን ግን ከቀናቱ ይበልጥ የሚገርመኝ የነርሶቹ ማስታወሻ ነው። "ተረብሿል፣ ያለቅሳል፣ ብዙ ማበረታታት ያስፈልገዋል" የሚል ዓይነት ማስታወሻ ግድግዳ ለሚያየው ሰው በአማካይ 3.96 ጊዜ፣ ዛፍ ለሚያየው 1.13 ጊዜ ተጽፏል።

46 ሰው ጥቂት ነው። ኡልሪክ ራሱም ውጤቱን ወደ ሁሉም ታካሚ እንዳንለጥጠው አስጠንቅቆ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ መሰልቸት የጎዳውን ሰው ከዛፍ ይልቅ ሰው የሚተላለፍበት ጎዳና ሊያነቃቃው ይችላል ብሏል። ጥናቱን ከሚጠቅሱት ብዙዎቹ ይህችን ማስጠንቀቂያ ይዘልሏታል። እኔ አጥንታቸው ተሰብሮ ለወራት የሚተኙ ሰዎችን ክፍል ስነድፍ ትዝ ትለኛለች። የአትክልት ስፍራውን የሚያሳየው መስኮት ነጻ ቢሆንም አልጋውን ዋናው በር ወደሚታይበት ጎን ያዞርኩበት ጊዜ አለ። ማን መጣ፣ ማን ሄደ ማለትም ለተኛ ሰው መድኃኒት ነው።

መስኮት የሚያስገባው እይታን ብቻ አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ገና በ1859 ታካሚ ከንጹሕ አየር ቀጥሎ የሚያሻው ብርሃን ነው ብላ ጽፋለች። በ2005 ከፒትስበርግ የወጣ ጥናት ደግሞ አከርካሪያቸውን በቀዶ ሕክምና የታከሙ 89 ሰዎችን ተከታትሏል። በፀሐያማው ጎን የተኙት ከሌሎቹ 46 በመቶ የበለጠ የፀሐይ ብርሃን አገኙ፤ በሰዓት የወሰዱት ማስታገሻም 22 በመቶ ያነሰ ነበር። ሚላኖ ውስጥ በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለባቸውንና በድባቴ ላይ ያሉ ታካሚዎችን ተመልክቶ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ ክፍል የደረሳቸው በአማካይ 3.67 ቀን ቀድመው እንደወጡ አሳይቷል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊትን ለይቶ ለአንጎል ለማሳወቅ የተሠሩ ሕዋሳት አሉ፤ እነሱን የሚቀሰቅሳቸው ደማቅ የቀን ብርሃን ነው። ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን በብርሃን መለኪያው በሺዎች ሉክስ ይቆጠራል፤ የተለመደው የሕሙማን ክፍል አምፖል ግን ከጥቂት መቶ ሉክስ አያልፍም። ሰውነት ቀኑን ካላወቀው ሌሊቱንም አያውቀውም፤ እንቅልፍ ይዛባል፣ እንቅልፍ ሲዛባ ሕመሙ ይብሳል።

እዚህ ላይ ዲዛይነሩ የሚሳሳትበት ቦታ የመስኮቱ ደፍ ነው። ደፉ ከወለሉ 1.20 ሜትር ከፍ ካለ የተኛ ሰው የሚያየው ሰማይ ብቻ ነው፤ ደመና ከሌለ ሰማዩም ሰማያዊ ግድግዳ ነው። ወደ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ግንዱ፣ መንገዱና የሚያልፈው ሰው ይታያል። ከዚህም በላይ መስኮቱ ከጎን እንጂ ፊት ለፊት ባይሆን ይመረጣል። ፊት ለፊት ሲሆን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዓይን ላይ ትወድቃለች፣ አስታማሚው መጋረጃውን ይዘጋዋል፣ የተዘጋ መጋረጃ ደግሞ በማግሥቱ የሚከፍተው የለም። አዲስ ሕንፃ ለሚሠራ ሰው ያለኝ ትልቁ ምክር የመጋረጃውን ገመድ ከአልጋው እጅ ወደሚደርስበት እንዲያመጣው ነው። ሲነገር ያስቃል፤ ክፍሉ ውስጥ ካሉት የተፈጥሮ ማስዋቢያዎች ሁሉ የሚበልጥበትን ጊዜ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

አልጋውን ማዞር የማይቻልበት ጊዜም አለ፤ የኦክስጅንና የመምጠጫው መስመር ከራስጌው ግድግዳ ጋር ተሰፍቷል። በዚህ ጊዜ ሙሉውን አልጋ ማዞር ቢያቅት እንኳ ትንሽ ሰያፍ ማድረግ መስኮቱን ወደ ዓይን ጥግ ያመጣዋል። ነርሶቹን አስቀድሞ መጠየቅ ግን ግድ ነው፤ በሁለቱም ጎን መቆሚያ ካጡ አልጋው በሳምንቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ስክሪን፦ መስኮት በሌለበት ብቻ

መስኮት በማይኖርበት ቦታ የሚቀርበው ዘመናዊ መፍትሔ ባሕርና ደን የሚያሳይ ስክሪን ነው። ሻጮቹ "የመስኮት ያህል ነው" ይላሉ። አይደለም። በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ፒተር ካን የመራው ቡድን በ2008 ባወጣው ሙከራ 90 ሰዎች ከሦስት በአንዱ ክፍል ተቀመጡ፦ አንዱ እውነተኛ መስኮት፣ ሁለተኛው ያንኑ የደጅ እይታ የሚያሳይ የፕላዝማ ስክሪን፣ ሦስተኛው ባዶ ግድግዳ ነበረው። ቀለል ያለ ጭንቀት ከደረሰባቸው በኋላ የልብ ምታቸው ቶሎ የሰከነው መስኮት ያላቸው ናቸው። ስክሪኑ ከባዶው ግድግዳ አልተሻለም። ተሳታፊዎቹ ጤነኞች እንደነበሩ አልዘነጋም፤ ቢሆንም ስክሪኑን በመስኮት ቦታ ለመተካት የሚያስብን ሰው ቆም ሊያደርገው ይገባል።

የስክሪን ቦታ ግን አለ። ከምድር በታች ባሉ የራጅና የጨረር ክፍሎች፣ ሰው ለረጅም ደቂቃ ሳይነቃነቅ ጀርባው ላይ በሚተኛበት ጠባብ ቦታ፣ ኮርኒሱ ላይ ከጀርባው የሚበራ የሰማይና የቅርንጫፍ ምስል ከባዶ ኮርኒስ ይሻላል። ለዚህ የተመረጠው ምስል የማይንቀሳቀስ ቢሆን እመርጣለሁ። የሚንቀሳቀሰው ይበላሻል፤ "ምልክት የለም" የሚል ጽሑፍ በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ሲንሳፈፍ ለሁለት ወር የከረመበትን የሕክምና ክፍል አውቃለሁ። ያ ጽሑፍ ለታመመ ሰው ጥሩ ንባብ አይደለም።

ሥዕልና ፎቶ፦ በርካሽ ብዙ የሚሠራው

ከስክሪኑ ዋጋ በጥቂቱ ለክፍሉ ሁሉ ፎቶ ይበቃል። ውጤቱም በደንብ የተፈተሸ ነው። በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ልባቸውን በቀዶ ሕክምና የታከሙ 160 ሰዎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳሉ የተለያየ ምስል ከፊታቸው ተደረገላቸው። ውሃና ዛፍ ያለበትን ምስል ያዩት ጭንቀታቸው ቀነሰ። ቀጥ ያሉ መስመሮችና አራት ማዕዘኖች ያሉበት ረቂቅ ሥዕል የደረሳቸው ግን ምንም ምስል ካልተሰጣቸው ይብስ ተጨነቁ። ይህ ውጤት በ1993 ቀረበ። ሥዕል አፍቃሪ ነኝ፤ ረቂቅ ሥዕልንም እወዳለሁ፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን አልሰቅልም።

ለምን? የታመመ ሰው ግልጽ ያልሆነውን ነገር በፍርሃቱ ይሞላዋል። በአንድ የአሜሪካ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ወፎችን የሚያስታውሱ ሹል የብረት ቅርጾች ተተክለው ነበር፤ ለጤነኛ ጎብኚ የአትክልት ስፍራ ጌጥ ነበሩ፣ ከታካሚዎቹ ግን ከፊሎቹ አስፈሪ ሆነው ስላገኟቸው እንዲነሡ ተደረገ።

ስለዚህ ፎቶ ሲመረጥ እንዲህ አስባለሁ። ሰፋ ያለ እይታ ይሁን፤ ዓይን ከቅርቡ ሣር ተነሥቶ ወደ ሩቁ ኮረብታ የሚጓዝበት። ውሃ ካለ የተኛ ውሃ፤ የሚያገሳ ፏፏቴ ወይም ማዕበል አልፈልግም። ወቅቱ የለምለም ይሁን። የደረቀ ዛፍ፣ ጭጋግ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ ጥበባዊ ውበት ቢኖራቸውም ሞትን የሚያስበው ሰው ሌላ ትርጉም ይሰጣቸዋል። አውሬ ወይም ወፍ ተመልካቹን አፍጥጦ ባያይ ይሻላል። መንገድ ያለበት ምስል እወዳለሁ፤ ግን መንገዱ ወደ ጨለማ ጫካ ገብቶ የሚጠፋ ከሆነ ወዲያ ይቅር።

የሚሰቀልበት ቦታ ከምስሉ እኩል ያስፈልጋል። ከራስጌ በላይ የሚሰቀለው ሥዕል ለጎብኚ ነው። ለታካሚ የሚሆነው ከእግርጌ ፊት ለፊት፣ ከተለመደው ዝቅ ብሎ የተሰቀለው ነው። መስተዋት ያለው ክፈፍ የአምፖሉን ብርሃን ይመልሳል፤ አልጋው ላይ ተኝተህ ስታየው ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ የራስህን አምፖል ታያለህ። የማያንጸባርቅና የሚታጠብ ሽፋን ያለው ኅትመት ይሻላል።

በአልጋዎች መካከል የሚጋረደው ጨርቅም ለምስል ይሆናል፤ በየጊዜው ስለሚታጠብ የጽዳት ሠራተኛዋን ጥያቄ ያልፋል። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ2003 በወጣ ሙከራ በሳንባ ውስጥ ካሜራ የሚገባበት ምርመራ የሚደረግላቸው ሰዎች በአልጋቸው አጠገብ የተፈጥሮ ምስል ተጋርዶላቸው የተፈጥሮ ድምፅ እንዲያዳምጡ ተደረገ። ሕመሙን መቋቋሙ ተሻላቸው፤ ጭንቀታቸው ላይ ግን ልዩነት አልታየም። እንዲህ ያለ ግማሽ ውጤት ደስ ይለኛል፤ ሁሉን ይፈውሳል ከሚል ጽሑፍ ይልቅ ይታመናል።

ለሕፃናት ክፍል አንድ ቃል ብቻ፦ ሕፃናቱን ጠይቁ። የእንግሊዙ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ከ4 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን ከ250 በላይ ልጆች ሲጠይቁ አዋቂዎች በልጆች ክፍል ግድግዳ ላይ መሳል የሚወዱትን ቀልደኛ አሻንጉሊታዊ ሰው፣ ቀይ አፍንጫውን ክላውን፣ ሁሉም እንደማይወዱት ተናገሩ።

ሕያው ተክል፦ የት እንዳለ ይወስነዋል

እዚህ ላይ ሁለት ጽንፍ አለ። አንዱ "ቅጠል የሌለበት ክፍል ሕይወት የለውም" ይላል፤ ሌላው "አፈር ሆስፒታል ውስጥ አይገባም" ይላል። ሁለቱም ስለ የትኛው ክፍል እንደሚናገሩ አይገልጹም።

ጥቅሙ አለ። ኮሪያ ውስጥ ትርፍ አንጀታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ 90 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2008 በወጣ ጥናት ክፍላቸው ውስጥ ተክል የነበራቸው ታካሚዎች የደም ግፊታቸውና የልብ ምታቸው ዝቅ ያለ፣ ሕመማቸውና ድካማቸው የቀለለ ነበር። አደጋውም አለ። በአፈር ውስጥ የሚኖረው አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛን አይጎዳም፤ የደም ካንሰር ያለበትን፣ የአካል ወይም የመቅኒ ንቅለ ተከላ የተደረገለትን፣ የሰውነት መከላከያው በመድኃኒት የወረደበትን ሰው ግን ሳንባውን አጥቅቶ ሊገድለው ይችላል። የአበባ ማስቀመጫ ውሃም የባክቴሪያ ገንዳ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2003 ያወጣው መመሪያ ነገሩን በቀላሉ ይለያል፦ የመከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ትኩስ አበባም ሆነ ሸክላ ላይ ያለ ተክል አይግባ፤ በሌሎች ክፍሎች መከልከል አያስፈልግም፣ የሚንከባከቡት ግን ታካሚውን በቀጥታ የማይነኩ ሠራተኞች ይሁኑ።

"አየሩን ያጠራል" የሚባለውን ግን ልተወው አልችልም። የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ በ1989 በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተክሎች ጎጂ ጋዞችን ሲቀንሱ አየ፤ ከዚያ ወዲህ የተክል ሻጭ ሁሉ ይህንኑ ይደግማል። በ2019 የቀድሞ ሙከራዎችን ሰብስቦ ያሰላ ጥናት የተለመደ የአየር ዝውውር የሚሠራውን ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። አልጋውን የት ልናደርገው ነው? ተክል የሚመረጠው ለዓይን ነው፤ ለአየር መስኮት ይከፈታል።

ከተክሎች ሁሉ የምጠራጠረው ግድግዳ ላይ የሚተከለውን ነው። አንድ ጊዜ በአንድ የሕክምና ተቋም መጠበቂያ ክፍል አረንጓዴ ግድግዳ አስተክያለሁ፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ሲመረቅ ሰው ሁሉ ፎቶ ተነሣበት። የውሃው ቧንቧ በቀጫጭን ቱቦዎች እያንጠባጠበ ያጠጣዋል፤ ከዓመት በኋላ ጥቂቶቹ ቱቦዎች ተደፈኑ፣ ከላይ ያለው ረድፍ ደረቀ፣ ከታች ያለው በስብሶ መሽተት ጀመረ። የጥገና ውሉ ሲያልቅ ማንም አላደሰውም። ሦስት ሜትር የሚያህል የደረቀ ቅጠል ውጤቱን በሚጠብቅ ሰው ፊት ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ግድግዳ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ስለ ተክሉ ዓይነት ከመነጋገሬ በፊት የአምስት ዓመት የጥገና ገንዘብ የት እንደተያዘ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያው ያልቃል።

የፕላስቲክ ተክል አቧራ ይይዛል፤ ተነቅሎ ካልታጠበ ጥቅም የለውም። በኬሚካል ተጠብቆ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የደረቀ የድንጋይ ሽበትም (ሞስ) መልኩ ደስ ቢልም ውሃ አይነካውም፤ በበረኪና ጥያቄ ወድቋል። ሁለቱንም ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል አላስገባም።

ውሃ፦ አስተውሉ

የውሃ ድምፅ ያረጋጋል፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከባድ የሳንባ ምች የሚያስይዘው ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ በተለይ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው፣ ይራባል፤ ሰውን የሚይዘው ውሃው በጥቃቅን ጠብታ መልክ ሲተነፈስ ነው። የጌጥ ፏፏቴ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ውሃውን ያሞቀዋል፣ ይደጋግመዋል፣ ይረጨዋል። በ2010 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በአንድ ሆስፒታል መግቢያ የነበረ የውሃ ግድግዳ 8 ሰዎችን በዚህ በሽታ አስይዟል። ስለዚህ በሕንፃው ውስጥ የተከፈተ ፏፏቴ አይሁን እላለሁ፤ እዚህ ላይ "እንደ ሁኔታው" የለም። ክዳን ያለው የዓሣ ገንዳ በመጠበቂያ ክፍል፣ የሚያጸዳው ሰው ካለው፣ የተሻለ ምርጫ ነው። ሕሙማን በሚተኙበትና በሚታከሙበት ክፍል ግን እሱም አይገባም።

ድምፁን ብቻ የሚፈልግ የተቀዳ የወፍና የጅረት ድምፅ ያስባል። ከዚያ በፊት ያለውን ጫጫታ መቀነስ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ለሕሙማን ክፍል የመከረው የሌሊት የድምፅ ልክ በአማካይ 30 ዴሲቤል ነው፤ የጋሪ ጎማ፣ የሚንጫጫ ማንቂያና የሚጋጭ በር ባለበት ክፍል ይህ ሩቅ ነው። በጫጫታ ላይ የወፍ ዜማ መጨመር ሌላ ጫጫታ ነው። ለድምፅ የተያዘውን ገንዘብ ለበሩ ማለስለሻና ድምፅ ለሚመጥ ኮርኒስ አውሉት፤ የወፍ ዜማውን የሚወድ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ።

እንጨት፣ ድንጋይ፣ ቀለም

እዚህ ማስረጃው ከመስኮቱ የሳሳ ነው፤ አብዛኛው ሙከራ የተሠራው በጤነኞች ላይ ነው። ስለዚህ በአጭሩ እናገራለሁ። እውነተኛ እንጨት እጅ የሚነካው ቦታ ላይ ይሁን። ከቀዶ ሕክምና ተነሥቶ በኮሪደሩ መራመድ የሚለማመድ ሰው የሚጨብጠው መደገፊያ ብረት ከሆነ ይቀዘቅዛል፤ እንጨት ከሆነ የሰው እጅ ይመስላል። ክፍተት የሌለው ሽፋን እስከተቀባ ድረስ መታጠቡን ይችላል፤ ሽፋኑ የተላጠ ዕለት ግን ይታደስ ወይም ይነሣ። ደም በሚፈስበት ወለል ላይ እንጨት አይታሰብም፤ የእንጨት መልክ ያለውን ቪኒል (የፕላስቲክ ንጣፍ) መጠቀም አያሳፍርም፤ ተኝቶ የሚያየው ሰው ልዩነቱን አይመረምርም።

ወለል ላይ ግን የተፈጥሮ ሥዕል አታብዙ። የመርሳት ሕመም ያለበት አረጋዊ ጥቁር ቅርጽ ሲያይ ጉድጓድ፣ የሚያብለጨልጭ ወለል ሲያይ ውሃ ይመስለዋል፤ ለመሻገር ይፈራል ወይም ይወድቃል። ወንዝ እንዲመስል ተብሎ በኮሪደር ላይ የተዘረጋ ሰማያዊ መስመር ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ አረጋውያኑ በዳርና በዳር ግድግዳውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

ቀለም ላይ የማደንቀው አልቫር አአልቶን ነው። ፊንላንዳዊው አርክቴክት በ1933 ለተከፈተው የፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል የነደፈውን ክፍል የሠራው ለተኛ ሰው ነው። ኮርኒሱን ጠቆር ባለ ለስላሳ አረንጓዴ ቀባው፤ አምፖሉን ከታካሚው ዓይን ውጭ አደረገው፤ የእጅ መታጠቢያውን ገንዳ ውሃው ሲወርድ አብሮ የተኛውን ታካሚ እንዳይረብሸው አዘንብሎ ቀረጸው። ተጋድሞ ለሚያይ ሰው ኮርኒሱ ሰማዩ እንደሆነ ገብቶታል።

የአትክልት ስፍራ

ቦታና ገንዘብ ላለው ከሁሉ የላቀው አማራጭ ሕንፃውን ራሱን በአትክልት ዙሪያ ማጠፍ ነው። ሲንጋፖር ውስጥ በ2010 የተከፈተው ኩ ቴክ ፑዋት ሆስፒታል ከአጠገቡ ካለው ኩሬ ጋር የተያያዘ ግቢ፣ በየፎቁ ተክልና በጎ ፈቃደኞች የሚያለሙት የጣሪያ እርሻ አለው። እዚያ ተፈጥሮ የግድግዳ ጌጥ አይደለችም፤ ክፍሎቹ የተደረደሩት በእሷ ዙሪያ ነው።

ቀድሞ የተሠራ ሕንፃ ለያዘ ሰው ግን ግቢው ብዙውን ጊዜ አለ፤ የሌለው መግቢያው ነው። በሩ ይቆለፋል፣ ደፉ ተሽከርካሪ ወንበር አያሳልፍም፣ አግዳሚው ፀሐይ ላይ ነው፣ የግሉኮስ መስቀያው በጠጠሩ ላይ አይገፋም። ጠጠሩን በሰፊ ንጣፍ መተካት፣ ጥላ ያለው መቀመጫ ማስቀመጥና ቁልፉን ከነርሶች ጠረጴዛ ማንጠልጠል አበባ ከመትከል ይቀድማል። ይህ ቦታ ከታካሚው ይልቅ የሚያገለግለው ነርሶችንና አስታማሚዎችን ነው፤ ክፉ ዜና ሰምቶ ለብቻው ማልቀስ የሚሻ ሰው ኮሪደር ላይ ቦታ የለውም።

ግቢ ካለ መስኮቱ ይከፈት። በፔሩ ሊማ በ8 ሆስፒታሎች የተሠራና በ2007 የወጣ ጥናት መስኮቶቹ ሲከፈቱ ክፍሎቹ ያገኙት የአየር ለውጥ በማሽን ከሚተነፍሱት ዘመናዊ ክፍሎች እንደሚበልጥ፣ ከሁሉም የተሻሉት ከፍ ያለ ኮርኒስና ትልልቅ መስኮት ያላቸው አሮጌ ክፍሎች እንደነበሩ አሳይቷል።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ?

አዲስ ሕንፃ የሚያስነድፍ ገንዘቡን በመስኮቱ ደፍ ከፍታ፣ በአልጋው አቅጣጫና በግቢው ቅርጽ ላይ ያውል። እነዚህ በኋላ አይታከሉም፤ ሥዕል ሁልጊዜ ይታከላል።

አሮጌ ሕንፃና ጥቂት ገንዘብ ያለው መስታወቱን በማጠብ ይጀምር። ብዙ ክፍል ውስጥ የመስኮቱ የታችኛው ክፍል ለገመና ተብሎ በቀለም ተደፍኗል፤ ውጭው የሰው መተላለፊያ ካልሆነ ይፋቅ። ከዚያ አልጋውን ያዙር፤ ኮርኒሱን ቀብቶ ጠባሳውን ያጥፋ፤ ዓይን ውስጥ የሚገባውን አምፖል ወደ ጎን ያዛውር፤ ከእግርጌ አንድ ሰፊ ፎቶ ይስቀል። የቀረው ካለ ለደጁ በር።

የጽኑ ሕሙማን፣ የካንሰርና የንቅለ ተከላ ክፍሎች ተክልም ውሃም አያስገቡ። ለእነሱ የሚሆነው ቀን ብርሃን፣ ሌሊት ጨለማና ጸጥታ፣ ከዚያም ምስል ነው። ተክሉ ከመስታወቱ ማዶ ይሁን፤ ከውጭ በኩል ደፉ ላይ ቢደረደር እንኳ ለዓይን ያው ነው።

አንገቱንና ጀርባውን ማንቀሳቀስ የተከለከለ ሰው ያለበት አልጋ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያመልጣል። መስኮቱ በጎኑ ነው፤ አያየውም። ሥዕሉ ከእግርጌ ነው፤ አይደርስበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ አልጋ ከግሉኮስ መስቀያው ዘንግ ጋር የሚታሰር፣ የሚታጠፍ ክንድ ያለው፣ የማይሰበር መስተዋት አሠርቻለሁ፤ መጠኑ እንደ ደብተር ነው። ክንዱን ሲያስተካክሉት ቁስሉን ወይም ፊቱን እንዳያሳየው ጥንቃቄ ያሻል፤ መጀመሪያ ስንሞክረው ያሳየው ፊቱን ነበር፣ ታካሚውም ወዲያው ዓይኑን ጨፈነ። ሲስተሯ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ አዘነበለችው። "አሁንስ?" አለችው። ቅርንጫፉ ላይ ያለችው ወፍ ምን ዓይነት እንደሆነች ጠየቃት።